የኦይስተር ዘረ-መል ምልክቶች፦ ጥያቄና መልስ ከድሬዳዋ

የማስተርስ ሥራዬን በባሕር ማዶ የሠራሁት በኦይስተር (ሁለት ዛጎል ባለው፣ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ በሚኖር የባሕር እንስሳ) ላይ ነው፤ አሁን ድሬዳዋ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የላካችኋቸውን ጥያቄዎች በመጡበት ቅደም ተከተል እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከሳቢያን)፦ መምህር፣ ዛጎሉን አይቶ መለየት አይቻልም?

መልስ፦ ዛጎሉ ያሳስታል። ኦይስተር የተጣበቀበትን ድንጋይ ቅርጽ ይዞ ስለሚያድግ የአንድ እናት ልጆች እንኳ የተለያየ ዝርያ ሊመስሉ ይችላሉ። እጮቹም ከመጣበቃቸው በፊት ሁለት ሦስት ሳምንት በውኃ ይንሳፈፋሉ፤ ማን ከየት እንደ መጣ የሚናገረው ዲ ኤን ኤው ነው።

ጥያቄ (ከጀጎል)፦ ምልክት የምትሉት ምኑን ነው?

መልስ፦ በዲ ኤን ኤ ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚለያይ ቦታ ነው። ማይክሮሳተላይት የሚባለው አንድ አጭር ፊደል ጥምር የሚደጋገምበት ነው፤ አንዱ ኦይስተር 12 ጊዜ፣ ሌላው 17 ጊዜ ሊኖረው ይችላል።

ጥያቄ (ከከዚራ)፦ እኛ ከቡና ቅጠል ዲ ኤን ኤ እናወጣለን። ሥራው ይመሳሰላል?

መልስ፦ በጣም! የኦይስተር ሥጋ ልጋግ ይበዛዋል፤ የልጋጉ ስኳር ከዲ ኤን ኤው ጋር አብሮ ወጥቶ ፒ ሲ አሩን (የተፈለገውን የዲ ኤን ኤ ክፍል የማባዛቱን ሥራ) ያግዳል። ለቅጠል የምትጠቀሙበት ሲታብ (ስኳሩን ከዲ ኤን ኤው ለመለየት የሚረዳ ኬሚካል) እዚህም ያገለግላል።

ጥያቄ (ከሐረማያ)፦ ባነበብኩት ጥናት ብዙዎቹ ኦይስተሮች ከእናትና ከአባታቸው አንድ ዓይነት ቅጂ የወረሱ ይመስላሉ። እርስ በርስ የተዛመዱ ወላጆች ልጆች ስለ ሆኑ ነው?

መልስ፦ እባክህ እዚህ ላይ አትቸኩል። የኦይስተር ዲ ኤን ኤ እጅግ ተለዋዋጭ ነው፤ በ2012 የታተመው የፓስፊክ ኦይስተር ሙሉ ዘረ-መልም ይህንኑ አሳይቷል። ለውጡ ፕራይመሩ (ፒ ሲ አሩ የሚጀምርበት አጭር የዲ ኤን ኤ ቁራጭ) በሚያርፍበት ቦታ ላይ ከወደቀ ያ ቅጂ ጨርሶ አይነበብም፤ ኦይስተሩም አንድ ዓይነት ቅጂ ብቻ ያለው ይመስላል። እኔ ፕራይመሮቼን ያዘጋጀሁት ከአንድ የባሕር ዳርቻ ኦይስተሮች ብቻ ስለ ነበር ወራት ባከኑብኝ። የታየኝ አንድ ጥንድ ሳዳቅል ነው፦ እናቲቱ 148 ብቻ፣ አባትየው 160 ብቻ አሳዩ (ቁጥሩ የቅጂው ርዝመት በዲ ኤን ኤ ፊደል ነው)። ልጆቹ በሙሉ ሁለቱንም ሊይዙ ሲገባ ግማሽ ያህሉ 160 ብቻ ሆኑ። እናቲቱ ለካ የማይነበብ ሁለተኛ ቅጂ ነበራት። ወላጅና ልጅ ላይ ያልተፈተነ ምልክት አልቀበልም።

ጥያቄ (ከሐረማያ)፦ በማሽላስ?

መልስ፦ ማሽላ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል አንድ ዓይነት ቅጂ መብዛቱ የሚጠበቅ ነው፤ ስለዚህ ስሕተቱ ይበልጥ ይደበቃል። ሁለት የተለያዩ የማሽላ መስመሮች (ራሳቸውን በራሳቸው እያዳቀሉ የቆዩ ዘሮች) አዳቅላችሁ ልጆቹን አንብቡ።