ሦስት ወር ያልሠራ ሙከራ ምን ይነግርሻል?

ውድ ጠያቂዬ፣

በሁለተኛ ዲግሪ ሞለኪውላዊ ባዮሎጂ እንደምታጠኚ፣ ሕዋሳት ምልክት የሚለዋወጡበት መንገድ ሲዛባ ካንሰር እንዴት እንደሚነሣ መመራመር እንደምትመኚ ጽፈሽልኛል። ሕዋሳት በዕድገት አነሣሽ ፕሮቲን ሲቀሰቀሱ የሚሰጡትን ምልክት ለመለካት ሦስት ወር የደከምሽበት ሙከራ ግን የሚታመን ውጤት አልሰጠሽም። «ለዚህ ሙያ አልተፈጠርኩ ይሆናል፤ ዶክትሬቱን ልተወው?» ብለሽ ጠይቀሻል።

በሦስት ወር ላይ ተመሥርተሽ እንዳትወስኚ እለምንሻለሁ። ሕዋስ እንዲባዛ ምልክት ከሚያስተላልፉትና «ራስ» ከሚባሉት ጂኖች አንዱ በሰው የፊኛ ካንሰር ሕዋስ ውስጥ በአንድ የዲኤንኤ ፊደል ለውጥ ብቻ ተበላሽቶ የተገኘው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በ1982 ነው። የዚያው ቤተሰብ አባል የሆነውን ኬ-ራስን በቀጥታ የሚያግድ የመጀመሪያው መድኃኒት በአሜሪካ የተፈቀደው ደግሞ በ2021። በመካከሉ ያሉትን 39 ዓመታት የሞሉት፣ ጠዋት ገብተው ማታ ባዶ እጃቸውን የወጡ ብዙ ተመራማሪዎች ናቸው።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነብ ግን አንድ ነገር አጣሁበት፦ ሙከራው ለምን እንዳልሠራ አልጻፍሽም። ሙከራው ከሽፏል ማለትና ሙከራው «የለም» ብሎ መልሷል ማለት ይለያያሉ። ሕዋሳቱን በዕድገት አነሣሽ ፕሮቲን ስትቀሰቅሻቸው እንደ ኧርክ ባሉ ምልክት አስተላላፊ ፕሮቲኖች ላይ ፎስፌት፣ ማለትም ምልክቱን የሚያበራው ኬሚካላዊ መለያ፣ የሚለጠፈው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ብዙ ጊዜ አምስተኛው ደቂቃ አካባቢ ጎልቶ ይታያል፤ ከዚያ እየደበዘዘ ይሄዳል። ዘግይተሽ ከለካሽ ያለፈ ነገር እየፈለግሽ ነው። ሕዋሱን ስታፈርሺው ደግሞ ፎስፌት ነቃይ ኢንዛይሞች ሥራቸውን አያቆሙም፤ ናሙናው በበረዶ ላይ ካልቆየና ኢንዛይሞቹን የሚያግድ ማገጃ ካልተጨመረበት ምልክቱን ሳታዪው ያጠፉታል። ምልክቱ እንዳለው አስቀድሞ የሚታወቅ ማነጻጸሪያ ናሙናስ ከጎኑ ነበር? እሱም ባዶ ሆኖ ከወጣ ስለ መላምትሽ ገና ምንም አልተማርሽም፤ ስለ ችሎታሽም እንዲሁ።

የሕዋሳቱን ማንነትም አረጋግጪ። እኔ በምርምር ላይ በነበርኩበት ጊዜ ሰባት ወር የሠራሁባቸው ሕዋሳት ከሌላ ዝርያ ጋር ተቀላቅለው ተገኙ። ያን ቀን አልቅሻለሁ። የጠፋው ጊዜ ብቻ አልነበረም ያስለቀሰኝ፤ በመጀመሪያው ሳምንት በዘረመል ምርመራ አረጋግጪ ያለኝ ሰው አለመኖሩም ጭምር ነው። ስለዚህ ለአንቺ አሁን እነግርሻለሁ፦ አስመርምሪያቸው፤ ማይኮፕላዝማ የተባለው ባክቴሪያ እንዳልገባባቸውም አብረሽ እይ።

የባዮሎጂ ተመራማሪውን የቶኒ ኸንተርን ታሪክ ምናልባት በክፍል ሰምተሽው ይሆናል። በ1979 በካሊፎርኒያው ሳልክ ተቋም ይሠራ ነበር። በዚያን ጊዜ በፕሮቲኖች ላይ ፎስፌት የሚለጠፈው ሴሪንና ትሬዮኒን በተባሉ አሚኖ አሲዶች፣ ማለትም የፕሮቲን መገንቢያ ክፍሎች፣ ላይ መሆኑ ነበር የሚታወቀው። ኸንተር ናሙናዎቹን የሚለይበትን ፈሳሽ ደጋግሞ ስለተጠቀመበት አሲድነቱ ጨምሮ ነበርና፣ እስከዚያ ከትሬዮኒኑ ጋር ተደርቦ የሚደበቅ ነጠብጣብ ለብቻው ወጣ። ፎስፌት የተለጠፈበት ታይሮሲን፣ ሌላ አሚኖ አሲድ፣ ነበር። ሰዎች ዕድለኛነቱን ያወራሉ፤ እኔን የሚደንቀኝ ግን ነጠብጣቡን እንደ ስሕተት ቆጥሮ አለመጣሉ ነው። በ2001 የተፈቀደው ኢማቲኒብ፣ ሥር የሰደደ የማይሎይድ ደም ካንሰርን የሚያነሣውን የታይሮሲን ካይኔዝ (በታይሮሲን ላይ ፎስፌት የሚለጥፍ ኢንዛይም) የሚያግደው መድኃኒት፣ የቆመው በዚህ ዕውቀት ላይ ነው።

እንግዲህ ጥያቄሽን በዚህ ልለውጥልሽ፦ ያልሠራው ሙከራ ለምን እንዳልሠራ ለማወቅ ይከነክንሻል? ወይስ ወደ ቤተ ሙከራው መመለሱ ራሱ ያስጨንቅሻል? የመጀመሪያው ከሆነ ዶክትሬቱን ጀምሪ። ሁለተኛው ከሆነ ደግሞ ሙያውን ከመጥላትሽ በፊት ያለሽበትን ቦታ መርምሪ፤ ብዙ ጊዜ ሰውን የሚያደክመው ሳይንሱ ሳይሆን የሚያስተምር ሰው ማጣት ነው።

ዶክትሬት ስትመርጪ ታዋቂ ስም አትከተይ። የአማካሪውን የቀድሞ ተማሪዎች ፈልገሽ ስንት ዓመት እንደፈጀባቸው፣ ዛሬ የት እንዳሉ፣ ውጤታቸው ከአማካሪው ሐሳብ ጋር ሲጋጭ ምን ይላቸው እንደነበር ጠይቂ። በ2012 አንድ የመድኃኒት ኩባንያ ትልቅ ግምት ከተሰጣቸው 53 ጥናቶች መካከል በድጋሚ ማረጋገጥ የቻለው 6ቱን ብቻ መሆኑ ተገልጿል። ስለዚህ አንድ ሰው ያገኘውን ሌላው ደግሞ የሚፈትሽበት ቤተ ሙከራ ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል።

በሒሳብ ደካማ ነኝ ብለሻል። ስታትስቲክስና ጥቂት የኮምፒውተር ፕሮግራም አጻጻፍ ከአሁኑ ተማሪ፤ አይቀሩልሽም። ዶክትሬት ከጨረሱት አብዛኞቹ የራሳቸውን ቤተ ሙከራ እንደማይመሩም እወቂ። በመድኃኒት ልማት፣ በምርመራ ላቦራቶሪ፣ በመድኃኒት ቁጥጥርና በሳይንስ ኅትመት የሚሠሩ ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ይህን እንደ ሽንፈት አላየውም።

ማመልከቻውን ከመላክሽ በፊት ሙከራውን አንድ ጊዜ ድገሚው፦ በተረጋገጡ ሕዋሳት፣ በ0፣ በ2፣ በ5፣ በ15 እና በ30 ደቂቃ፣ ከማነጻጸሪያው ጋር። ምን እንዳየሽ፣ ስታዪውም ምን እንደተሰማሽ ጻፊልኝ። ስለ ዶክትሬቱ ያን ጊዜ በዝርዝር እንነጋገራለን።