ስላይዱ ቴሌግራም ላይ ካለ ለምን ክላስ እገባለሁ? ላልከው

"መምህሩ ስላይድ ብቻ ነው የሚያነበው፣ ፒዲኤፉም ቴሌግራም ላይ አለ፣ ብፎርፍ ምን ችግር አለው?" ብለሃል ወንድሜ።

ስላይድ አንባቢ መምህር መኖሩ እውነት ነው፣ ያናድዳል። ግን ፈተና ከስላይድ ብቻ አይወጣም። ሰሌዳ ላይ የሚሠራው ጥያቄ፣ "ይቺን ልብ በሏት" የሚላት ነገር፣ ሳይነገር የሚመጣው ኩዊዝ ፒዲኤፉ ውስጥ የሉም። በተለይ ፍሬሽ ከሆንክ፣ ማትስ ላይ ሁለት ሳምንት ቀርተህ ሦስተኛው ላይ ብትገባ ምንም አይገባህም፣ ያ ደግሞ ጭራሽ ከዶርም እንዳትወጣ ያደርግሃል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

አቴንዳንስ ካነሰህ ፋይናል እንዳትቀመጥ ልትከለከል ትችላለህ፤ የግቢህን ደንብ አንብበው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፣ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። የሚጠየቀው የዓመታት ኮርስ ስለሆነ በአንድ ሌሊት ሽምደዳ አይገፋም።

የምትቀረው ቤት ናፍቆህ ወይም ደብሮህ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ ለምታምነው ሲኒየር ወይም ለግቢው አማካሪ ንገር። ችግሩ መምህሩ ከሆነ ከክላስ ተወካያችሁ ጋር ዲፓርትመንት ሄዳችሁ አመልክቱ። ሌላ ሴክሽን ጥሩ የሚያስተምር ካለም አስፈቅደህ እዛ ግባ።