መድሀኒቱ ያመመኝ ቦታ ላይ ብቻ ቢሰራስ?

ጥያቄ፦ ዶክተርዬ ሰላም ነው? 26 አመቴ ነው፣ አዘዞ ነው ምኖረው። ፔሬዴ ሲመጣ ሁለት ቀን ከአልጋ አልነሳም፣ እናቴ ቡና በጤና አዳም ትሰጠኛለች፣ ሌላው ሁሉ "ስትወልጂ ይተውሻል" ነው ሚለኝ። አምና ኢንዶሜትሪዮሲስ ነው ተብዬ የሆርሞን ኪኒን ጀመርኩ ግን ራሴን እያመመኝ ተውኩት። አሁን ህመሙ ያለበት ቦታ ላይ ብቻ ሚሰራ መድሀኒት እየተሞከረ ነው ሲሉ ሰማሁ፣ እስኪመጣ ልጠብቅ?
ኤም፣ ከአዘዞ

መልስ፦ እህቴ፣ አትጠብቂ። "ስትወልጂ ይተውሻል" የሚሉሽንም አትስሚ፣ በዚች አባባል ስንት የጎንደር ልጅ ህመሟን ችላ ዝም ብላ እንደኖረች ሳስብ ያንገበግበኛል። በአለም ከ10 ሴት አንዷን ገደማ የሚይዝ በሽታ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ነገር ከማህፀን ውጪ ይበቅላል፣ ኦቫሪ (እንቁላል ማምረቻው) ላይ፣ አንጀት አካባቢ፣ ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ነው የሚያፋፋው፣ ደግሞ ራሱም ኢስትሮጅን ያመርታል። ኪኒን ስትውጪ መድሀኒቱ በደም ሰውነትሽን ሙሉ ስለሚዞር ነው ራስሽ ድረስ የሚሰማሽ።

የሰማሽው እውነት ነው። ዳናዞል የሚባለው የድሮ መድሀኒት ሲዋጥ ብጉርና ፀጉር ያወጣል፣ ድምፅም ያጎረንናል፣ ስለዚህ በብልት በሚገባ ቀለበት ቀስ እያለ እንዲለቀቅ ተሞክሯል። ጄልና ናኖ መድሀኒት (በጣም ደቃቅ ቅንጣት ተደርጎ የሚሰራ) ላይም እየተሰራ ነው ግን ብዙው ገና እንስሳ ላይ ነው። ከባዱ ነገር በሽታው አንድ ቦታ አለመቀመጡ ነው፣ እዚም እዛም ነጠብጣብ ሆኖ ነው ሚገኘው፣ ሁሉም ጋ መድረስ ቀላል አይደለም።

ግን አንዱ እኮ አሁንም አለ! ሆርሞን ያለው ሉፕ፣ ሚሬና የሚባለው አይነት፣ ማህፀን ውስጥ ሆኖ መጀመሪያ አካባቢ በቀን 20 ማይክሮግራም ገደማ ሌቮኖርጀስትሬል የሚባል ሆርሞን ይለቃል፣ ደም ውስጥ የሚገባው ከኪኒን በጣም ያነሰ ነው። የመጀመሪያዎቹ ወራት ደም ጠብ ጠብ ሊል ይችላል፣ ኦቫሪ ላይ ሲስት (ፈሳሽ የቋጠረ እብጠት) ካለሽ ደግሞ ብቻውን ላይበቃ ይችላል።

አደራ ሉፕ ሁሉ አንድ እንዳይመስልሽ፣ እኛ ጋ በብዛት የሚገባው የመዳቡ ነው፣ እሱ ሆርሞን የለውም፣ እንዲያውም ደሙንም ቁርጠቱንም ሊያባብሰው ይችላል። ስለዚህ ከመግባቱ በፊት "የቱ ነው?" ብለሽ ጠይቂ። ሆርሞን ያለው ካልተገኘ ደግሞ ኪኒኑን ለምን እንደተውሽው ለሀኪምሽ ንገሪው፣ ዲኖጀስት የሚባል ሌላ አይነት ኪኒን አለ። በቅርብ መውለድ ካሰብሽም ቀድመሽ ንገሪው፣ ሉፑ እርግዝና ይከለክላል፣ ዲኖጀስትም ለማርገዝ እየሞከሩ የሚወሰድ አይደለም።