የጋራው ገንዘብ ለየትኛው ሥራ ይዋል?

በዚህ ወር ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ናቸው። የነዋሪዎች መድረክ ለሰፈር ሥራ የሚሆን ገንዘብ ሲመደብለት፣ ለየትኛው ፕሮጀክት እንደሚያውለው የሚወስነው እንዴት ነው? አምስቱን መርጬ እመልሳለሁ። የጠያቂዎቹን ስም ትቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ልጆቻችን ከትምህርት ቤት የሚመለሱበት መንገድ ሲመሽ ድቅድቅ ጨለማ ነው። አሥራ አራት ቤተሰቦች ተሰባስበን መብራት እንዲተከል ለመድረኩ ሃሳብ አቀረብን። ከሁለት ወር በኋላ የመጣልን መልስ አንድ መስመር ነው፦ «ለሌሎች ፕሮጀክቶች ቅድሚያ ተሰጥቷል»። በቃ። ማነው የወሰነው? በምንስ ነው የወሰነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ንዴትሽ ይገባኛል። ከመከልከሉ በላይ የሚያንገበግበው ምክንያቱ አለመነገሩ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሃሳብ ሦስት ወንፊት ያልፋል። መጀመሪያ ገንዘቡ ለተመደበበት ዓላማ ይሆናል ወይ ተብሎ ይታያል። ቀጥሎ ባለሙያ ያየዋል፤ መሬቱ የማነው፣ ሊሠራ ይችላል ወይ፣ ስንት ይፈጃል። እዚህ ያለፈው ነው ከሌሎቹ ጋር ተወዳድሮ ነጥብ የሚሰጠው ወይም ለድምፅ የሚቀርበው። የመንገድ መብራት ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ሁለተኛው ወንፊት ላይ ነው። ምሰሶ መትከል የአንድ ጊዜ ወጪ ነው፣ የቆጣሪውን ሂሳብ ግን በየወሩ የሚከፍል አካል መኖር አለበት፣ አምፖል ሲቃጠልም የሚቀይር። ማመልከቻችሁ ላይ ይሄ ካልተጻፈ፣ ሃሳቡ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን የመድረኩ ኮሚቴ ሊጥለው ይችላል። መተው መብቱ ነው፣ ግን ይሄንኑ ጽፎ ሊነግራችሁ ይገባ ነበር።

አሁን ሄዳችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የተመዘናችሁበትን መስፈርት ከነነጥቡ፣ የእናንተ ሃሳብ ያገኘውን ውጤት፣ የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ። ከዚያ ደግሞ አንድ ጥያቄ ጨምሩ። እኔ ከሁሉም የምይዘው እሱን ነው፦ መስፈርቱ የተጻፈው መቼ ነው? ሃሳቦቹ ከመምጣታቸው በፊት ወይስ ከመጡ በኋላ?

እኔ ራሴ እንዲህ ባለ ኮሚቴ ውስጥ ሁለት ዙር ተቀምጫለሁ። በመጀመሪያው ዙር መስፈርቱን ያወጣነው ማመልከቻዎቹ ጠረጴዛ ላይ ከተደረደሩ በኋላ ነበር። ማንም ክፉ አላሰበም። ግን አንዱ «ለሕጻናት የሚጠቅም ከሆነ አምስት ነጥብ ይጨመርለት» ሲል፣ ሁላችንም ዓይናችን የትኛው ወረቀት ላይ እንዳረፈ እናውቅ ነበር። ያን ቀን ያለፈው ፕሮጀክት ጥሩ ፕሮጀክት ነው። የወደቁት ሰዎች ግን ያልተነገራቸው ፈተና ነው የተፈተኑት። እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ቀድሞ የተጻፈ ደንብ ምን እንደሚሠራ ማየት ለሚፈልግ፣ የብራዚሏን ፖርቶ አሌግሬን ላንሳ። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1989 ነዋሪው በከተማዋ በጀት ላይ ራሱ እንዲወስን ማድረግ ጀመረች። ከተማዋ በ16 ቀጣና ተከፈለች፤ የየቀጣናው ነዋሪ እየተሰበሰበ መጀመሪያ ምን ይሠራልኝ የሚለውን በቅደም ተከተል ያወጣ ነበር። ገንዘቡ ሲከፋፈል ደግሞ ሁሉም የሚያውቀው ነጥብ አለ፦ ነዋሪው ያስቀደመው ምንድነው፣ የሕዝቡ ብዛት ስንት ነው፣ ያ አገልግሎት በቀጣናው ምን ያህል ጎድሏል። ብዙ የጎደለው ብዙ ነጥብ ያገኛል። ስለዚህ መንገድና ውሃ የሌለው ሰፈር፣ ጎበዝ ተናጋሪ ባይኖረውም፣ ጉድለቱ ራሱ ይናገርለታል። በከተማዋ የውሃና የፍሳሽ መስመር የገባላቸው ቤቶች እ.ኤ.አ. በ1988 75 በመቶ ነበሩ፣ በ1997 98 በመቶ ደረሱ። ይሄ ሁሉ የስብሰባው ውጤት ብቻ ነው አልልም። ግን ገንዘቡ ወዴት እንደሄደ ያሳያል።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ የሚወሰነው እጅ በማውጣት ነው። ከመንገዱ በላይ ያሉት ነዋሪዎች ቁጥራቸው ስለሚበልጥ ሁሉንም ሥራ ይወስዳሉ። እኛ ከታች ያለነው ሦስት ዓመት ሙሉ ባዶ እጃችንን ተመለስን። ግን ሕዝብ ነው የወሰነው፣ ምን ይባላል?

መልስ፦ ብዙ ይባላል እንጂ ወንድሜ! እስቲ በቁጥር እንየው። መቶ ሰው አለ፣ ገንዘቡም መቶ እጅ ነው እንበል። እያንዳንዱ ሥራ ሃያ እጅ ይፈጃል። ከላይ ያሉት ስልሳዎቹ አምስት ሥራ ይፈልጋሉ፣ ከታች ያላችሁት አርባዎቹ ሁለት ሌላ ሥራ ትፈልጋላችሁ። ብዙ ድምፅ ካገኘው ሥራ ተጀምሮ ሲቆጠር የእነሱ አምስቱም እያንዳንዳቸው ስልሳ ድምፅ አላቸው፣ የእናንተ ሁለቱ አርባ አርባ። አምስቱ ሲያልፉ ገንዘቡ አለቀ። ስልሳ በመቶው ሰው መቶ በመቶውን ወሰደ ማለት ነው። ማንም አላጭበረበረም፤ ችግሩ አቆጣጠሩ ነው።

ሌላ አቆጣጠር አለ። የእኩል ድርሻ ዘዴ ልንለው እንችላለን። ገንዘቡ ገና ከመጀመሪያው ለመቶው ሰው እኩል እንደተከፈለ ይታሰባል፤ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ እጅ። አንድ ሥራ የሚያልፈው የደገፉት ሰዎች ከድርሻቸው ወጪውን መሸፈን ሲችሉ ነው። የከፈለ ሰው ድርሻው ይቀንሳል፣ ስለዚህ በሚቀጥለው ሥራ ላይ ያለው አቅምም ይቀንሳል። ከላይ ባለው ምሳሌ ስልሳዎቹ ሦስት ሥራ ያገኛሉ፣ አርባዎቹ ሁለት። በዚህ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2023 የፖላንዷ ቪየሊችካና የስዊዘርላንዷ አራው የከተማቸውን የነዋሪ ገንዘብ ደልድለዋል። ሥራው ሲበዛ ኮምፒውተር ይፈልጋል፣ ለአንድ ሰፈር ግን ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። ብዙ ጊዜ የሆነ ትርፍ ገንዘብ ይቀራል፤ እሱ ምን እንደሚሆን ቀድማችሁ ተስማሙ።

ይሄ ከከበዳችሁ ቀላሉ ገንዘቡን አስቀድሞ ለላይና ለታች በነዋሪ ብዛት መክፈል ነው። ምንም ብታደርጉ ግን እጅ ማውጣቱን ተዉት። ሰው እጁን ሲያወጣ ጎረቤቱን እያየ ነው፤ አከራዩ ወይም አለቃው ፊት ለፊት ተቀምጦ ደግሞ በነፃነት አይመርጥም። ወረቀት ላይ ምልክት አድርጎ ሳጥን ውስጥ መክተት ምን ያህል ይከብዳል?

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ። የመድረኩ ኮሚቴ አባል ነኝ። ዘንድሮ ልጄ የሚያሠለጥነው የወጣቶች ስፖርት ቡድን ለመጫወቻ ሜዳ ገንዘብ ጠይቋል። እኔ በሐቅ እንደምፈርድ ሁሉም ያውቃል። ልቀመጥ ወይስ ልውጣ?

መልስ፦ ይውጡ ጋሼ። ሐቀኛነትዎን አልጠራጠርም። ግን ሜዳው ቢፈቀድ ልጅዎ ዕድሜ ልኩን «በአባቱ ነው» ይባላል፣ ቢከለከልም እርስዎ ቤት ውስጥ ይጨነቃሉ። ውይይቱ ሳይጀመር ዝምድናውን ይናገሩ፣ ከክፍሉ ይውጡ፣ የወጡበትም የተመለሱበትም ሰዓት በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። ድምፅ አለመስጠት ብቻ አይበቃም፤ እርስዎ እዚያው ተቀምጠው ሳለ ማን ደፍሮ የልጅዎን ሃሳብ ይተቻል? አንድ ነገር ልጨምር፦ የሜዳው ተፎካካሪ በሆኑት ሃሳቦች ላይም አይፍረዱ። ተፎካካሪውን መጣል ያው ሜዳውን ማሳለፍ ነው።

ጥያቄ፦ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። የመናፈሻው ጉዳይ ሲወሰን ልምረጥ ብዬ ሄጄ «ልጆች አይመርጡም» ተባልኩ። መናፈሻው ውስጥ የምንውለው ግን እኛ ነን።

መልስ፦ ልክ ነሽ። ይሄ እንደ አገር ምርጫ ዕድሜው በሕግ የታሰረ መሆኑን ጠይቂ። ብዙ ቦታ የመድረኩ የራሱ ደንብ ነው፣ ደንብ ደግሞ ይሻሻላል። ኒውዮርክ ውስጥ በምክር ቤት ወረዳዎች በሚካሄደው የነዋሪዎች በጀት ከ11 ዓመት ጀምሮ መምረጥ ይቻላል። ከጓደኞችሽ ጋር ሆናችሁ ደንቡ እንዲሻሻል በጽሑፍ አመልክቱ፣ የሚቀጥለው ዙር ከመከፈቱ በፊት። ዙሩ ከተጀመረ በኋላ ከሆነ እምቢ ይሏችኋል፣ እምቢ ማለታቸውም ትክክል ነው።

ጥያቄ፦ ድምፅ ሰጥተን፣ የሕጻናት ማቆያ አሸንፎ፣ ተጨብጭቦ ተበተንን። ሁለተኛ ዓመቱ ነው፣ አንድ ድንጋይ አልተጣለም። ስንጠይቅ «ሂደት ላይ ነው» ይሉናል።

መልስ፦ መጀመሪያ የሚጣራው ውሳኔያችሁ የግድ የሚፈጸም ነው ወይስ ምክር ብቻ የሚለው ነው። ብዙ መድረኮች ሰውን ሲጠሩ «እናንተ ወሳኞች ናችሁ» ይላሉ፣ ወረቀቱ ላይ ግን «ሃሳብ ያቀርባሉ» ነው የሚለው። ይሄን ሳይናገሩ ሕዝብን መሰብሰብ በጣም ያሳዝነኛል። ሰው ሥራ ፈቶ፣ ልጅ አዝሎ ነው የሚመጣው። ከአንድ እንዲህ ዓይነት ዙር በኋላ ደግሞ ተመልሶ አይመጣም።

ፖላንድ ይሄን በሕግ ዘግታዋለች። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ሕግ ትልልቆቹ ከተሞች ከወጪያቸው ቢያንስ 0.5 በመቶ ለነዋሪዎች ውሳኔ መመደብ አለባቸው፤ ነዋሪው የመረጠውን ሥራም ምክር ቤቱ በጀት ሲያጸድቅ መሰረዝ ወይም በጉልህ መለወጥ አይችልም። ሕጉ በሌለበት ነገሩ በባለሥልጣን ፈቃድ ላይ ይንጠለጠላል። ቅድም ያነሳኋት ፖርቶ አሌግሬ እንኳን፣ ለብዙዎች ምሳሌ የሆነችው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ሂደቱን አቋርጣው ነበር።

ምናልባት ደግሞ ክፋት የለበትም። ሃሳቡ ሲቀርብ የተገመተው ዋጋ ጨረታ ሲወጣ አልበቃ ብሎ ይሆናል። ይሄ የተለመደ ነው፤ ለዚህ ነው መጠባበቂያ ያልያዘ ፕሮጀክት ለድምፅ መቅረብ የሌለበት። እንደዚያ ከሆነ ግን ይነገራችሁ። ሥራውን አሳንሶ መሥራት ወይም የጎደለውን ከሚቀጥለው ዙር መሙላት ይቻላል፣ የሚመርጡትም ድምፅ የሰጡት ሰዎች ናቸው።

«ሂደት ላይ ነው» የሚለውን መልስ አትቀበሉ። በሚቀጥለው ስብሰባ የመጀመሪያው አጀንዳ ማቆያው እንዲሆን አስይዙ፦ ገንዘቡ አሁን የት ሂሳብ ውስጥ ነው፣ ኃላፊው ማነው፣ ጨረታው የሚወጣው በምን ቀን ነው። ሦስቱም መልሶች ቃለ ጉባኤ ላይ ይግቡ። ከዚያ በኋላ በየስብሰባው መጀመሪያ ይነበቡ፣ ማቆያው በሩ እስኪከፈት።