የዋሆቹ ኮኮኮች እየተደበደቡብኝ ነው፤ ልሽጣቸው?

ጥያቄው የመጣው ከሞጆ አካባቢ ነው። ጠያቂያችን ጓሯቸው ውስጥ ስምንት የሀበሻ ዶሮዎችና አንድ ቀይ አውራ አሏቸው። ባለፈው ወር የአራት ወር ዕድሜ ያላቸው ኮኮክ የሚባለው የደቡብ አፍሪካ ዝርያ የሆኑ ስድስት ቄቦች ገዝተው በአንድ ጊዜ ቀላቀሏቸው። እንዲህ ይላሉ፦ «አዲሶቹ በጣም የዋህ ናቸው፤ ልጆች እንደፈለጉ ያቅፏቸዋል። ግን የሀበሻዎቹ ሲነቁሯቸው አይመልሱም፤ ጥግ ይዘው ይቆማሉ። አንዷ አናቷ ደምቷል። ልሽጣቸው ወይስ ይለምዳሉ? ካቆየኋቸውስ ከራሴ አውራ ጫጩት ላስፈልፍል?»

ጋሼ፣ አይሽጧቸው። ጥሩ ዶሮ ነው የገዙት፤ የተበላሸው አቀላቀሉ ነው፣ እሱ ደግሞ ይስተካከላል።

መጀመሪያ የደማችውን ዛሬውኑ ይለዩልኝ። ዶሮ ቀይ ነገር ካየች መንቆሯን አታቆምም፤ ትንሽ ቁስል ናት ብለው ከተዉት በሁለት ቀን አናቷን ይጨርሱታል። ውሃ አፍልተው ጨው ጨምረውበት ሲቀዘቅዝ ቁስሉን ይጠቡላት፤ እስኪደርቅና ላባ ማብቀል እስኪጀምር ድረስ አትመለስ። ብቻዋን ግን አይዝጉባት። ከእህቶቿ አንዷን አብረው ያስገቡላት፤ ብቻዋን ከርማ ስትመለስ እንደ እንግዳ ተቆጥራ ዱላው እንደ አዲስ ይጀምራል።

ሌሎቹንም ለጊዜው ያውጧቸው። ጓሮው ውስጥ በሽቦ መረብ ጥግ ይክለሉላቸውና ከሀበሻዎቹ ጋር እየተያዩ ሳይነካኩ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይቆዩ። በመረቡ ግራና ቀኝ መኖ ቢያኖሩ፣ ጎን ለጎን እየበሉ ይለማመዳሉ። ከዚያ ማታ፣ ሁሉም ቆጥ ላይ ከወጡ በኋላ፣ ኮኮኮቹን በቀስታ ያስገቧቸው። ጠዋት ተነስተው ያን ቀን በዓይንዎ ይከታተሉ። ትንሽ መነቃቆር ይኖራል፣ አይደንግጡ፤ ዶሮዎች ማን ከማን እንደሚቀድም ሳይወስኑ አይረጋጉም። ደም ካልታየ ጣልቃ አይግቡ። አንዲት ሀበሻ ብቻ እየለየች የምታሳድድ ከሆነ ግን እሷን አራት አምስት ቀን ያግልሏት። ስትመለስ የቀድሞ ቦታዋን አታገኘውም፣ ጉልበቷም ይበርዳል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ኮኮክ ስትመታ ስለማትመልስ በመኖ ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች፤ ሰው «እንቁላል አልጣል አለች» ብሎ ዝርያውን የሚያማው ብዙ ጊዜ እሷ ሳትበላ ስለምትውል ነው። ስለዚህ መኖና ውሃ አንድ ቦታ አያድርጉ፤ ሁለት ሦስት ቦታ፣ ተራርቀው ይቀመጡ። ጓሮው ውስጥ አንድ ሰፊ ሳንቃ ግድግዳ ላይ ዘንበል አድርገው ቢያቆሙ፣ የምትባረረዋ ከኋላው ገብታ በሌላው በኩል ትወጣለች፤ መውጫ የሌለው ጥግ ነው ለእነዚህ ዶሮዎች ጠንቅ። ቆጡንም ለእነሱ ዝቅ ያድርጉት፣ ከጉልበት ብዙም ከፍ አይበል። ከባድ ስለሆኑ ከላይ ሲዘሉ እግራቸው ሥር ይጎዳና ያብጣል።

ጠባያቸው ከየት መጣ ካሉ፣ ኮኮክ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ፖቸፍስትሩም በሚባል ከተማ የግብርና ኮሌጅ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተዳቀለ ዝርያ ነው። ጥቁር አውስትራሎርፕ፣ ነጭ ሌግሆርን እና ገብስማዋ ፕላይማውዝ ሮክ ናቸው መነሻዎቹ። ዓላማው ለገበሬ ጓሮ የሚሆን፣ እንቁላልም ሥጋም የሚሰጥ ዶሮ ማግኘት ነበር። ወደ እኛ አገር ገብቶ የተጠናውና የተሰራጨው በደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል በኩል ነው፤ ለእርስዎ ጎረቤት ማለት ነው። በደንብ ከተያዘች በዓመት ከ150 እንቁላል በላይ ትጥላለች፤ የሀበሻዋ በጓሮ አያያዝ ከ40 እስከ 60 ነው።

እኔ ይህን ዝርያ የምወደው ግን በእንቁላሉ ቁጥር ብቻ አይደለም። ቦቫንስን የመሰሉት የእንቁላል ዲቃላዎች ከኮኮክ ይበልጥ ይጥላሉ፤ ከእነሱ ያስፈለፈሉት ጫጩት ግን እናቱን አይመስልም፣ ሁልጊዜ ገንዘብ ይዘው ወደ ሻጩ መመለስ አለብዎት። ኮኮክ የጸና ዝርያ ነው። ኮኮክ ከኮኮክ ከተራባ ልጁም ኮኮክ ነው፤ ዘሩን ይዘው መቀጠል ይችላሉ። ለዚህ ነው ከቀዩ አውራ ጋር እንዲያደባልቁት የማልመክረው።

እንዴት ይሁን? ቀዩን አውራ ለመጪው በዓል ያውጡት፤ ቀይ ላባ፣ በተለይ ድርብ ኩክኒ ካለው፣ ገበያው ዋጋውን ያውቃል። በምትኩ የኮኮክ አውራ ይግዙ፣ ግን ቄቦቹን ከገዙበት ቦታ አይሁን፤ ወንድምና እህት እንዳይራቡ። ለአሥራ አራቱም ዶሮዎች አንድ ብርቱ አውራ ይበቃል። ከዚያ ሦስት ሳምንት ይጠብቁ። ዶሮ የአውራን ዘር ሆዷ ውስጥ ይዛ ትቆያለችና፣ ቀዩ ከሄደ በኋላ የሚጣለው እንቁላል ለሁለት ሦስት ሳምንት የእሱን ልጅ ሊወልድ ይችላል። በዚህ ጊዜ የተጣለውን ይብሉት ወይም ይሽጡት።

ለማስፈልፈል ሲመርጡ የኮኮክ እንቁላል ቡናማ ነው፣ ተለቅም ይላል፤ የሀበሻዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ነጣ ያለ ነው። ቡናማውን ብቻ ይያዙ። ይህን የምለው ላባው ስለሚያታልል ነው፤ የኮኮክ አውራ ከሀበሻ ዶሮ ቢወልድ ጫጩቶቹ በአብዛኛው ገብስማ ሆነው ያድጋሉ፣ ሰውም ንጹሕ ኮኮክ ነው ብሎ ይገዛቸዋል። ንጹሖቹ ሲፈለፈሉ ደግሞ ወንዱና ሴቷ በመጀመሪያው ቀን ይለያሉ። ወንዱ አናቱ ላይ ነጭ ጠብታ የመሰለ ምልክት አለው፣ ሴቷ አናቷ ጥቁር ነው። ቄብ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ለመታቀፉ የሀበሻዎቹን ይጠቀሙ፤ በዚህ የሚያህላቸው የለም። ኮኮክም አንዳንዴ ትታቀፋለች፣ ግን እሷን ለእንቁላል ይተዋት። የኮኮክ እንቁላል ስለሚተልቅ ከአንዲት ሀበሻ ሥር ከ10 አያስበልጡ። ቄቧ የጀመረችባቸውን ትናንሽ እንቁላሎች አያስታቅፉ፣ መጠናቸው እስኪስተካከል ይታገሱ። ከሰባት ቀን በላይ የቆየም፣ የታጠበም አይሁን። በሰባተኛው ቀን ጨለማ ቤት ገብተው በስልክዎ መብራት ይዩት፤ ውስጡ ሸረሪት የመሰለ የደም ሥር ከታየ ሕይወት አለ፣ ጥርት ብሎ ካበራ ያውጡት። በ21 ቀን ይፈለፈላል።

መኖው ላይ ብዙ አልቆይም። የምትጥል ኮኮክ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም ያስፈልጋታል፤ ግቢ ውስጥ የምትለቅመው ብቻ አይበቃትም። የእንቁላል ጣይ መኖ የሚጀምሩት ለመጣል ስትቃረብ ነው፤ ቀድሞ ከተሰጣት በውስጡ ያለው ብዙ ካልሲየም ኩላሊቷን ይጎዳል። አሁን ላሉት ቄቦች በቆሎ፣ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ቀላቅለው፣ የቄብ መኖ ካገኙ ደግሞ እሱን ይስጡ። የሻገተ እንጀራ፣ የሻገተ ፋጉሎ ግን በጭራሽ። «ለዶሮ ምን አላት» ይባላል፤ ሻጋታው ጉበቷን ነው የሚመታው። ሌላው የማይዘነጋ ነገር ጭልፊት ነው። የሀበሻዋ ጥላ ስታይ ቁጥቋጦ ውስጥ ትገባለች፤ ኮኮክ ቆማ ታያለች። ጫጩቶቹ እስኪጠነክሩ ከላይ መረብ ይኑር፤ ማታ ደግሞ ሸለምጥማጥ የሚያስገባ ቀዳዳ እንዳይኖር ቤቱን ይዙሩት።

አሁን ወደ ዋናው ስጋቴ ልምጣ። ደብዳቤዎ ስለ ክትባት አንድም ቃል የለውም። ሻጩን ደውለው ይጠይቁ፤ የፈንግል፣ የገዳዩን የዶሮ በሽታ፣ ክትባት ተከትበዋል? መቼ? መልሱ ድፍን ካለ እንዳልተከተቡ ይቁጠሯቸው። ፈንግል ዝናብ ሊገባ ሲልና በበዓል ሰሞን ይበረታል፤ ገበያ ውሎ ሳይሸጥ የተመለሰ ዶሮ ነው ብዙውን ጊዜ ይዞት የሚገባው። ክንፍ መጣል፣ አረንጓዴ ተቅማጥ፣ አንገት መጠምዘዝ ካዩ መድኃኒት የለውም፤ ጓሮውን በሳምንት ውስጥ ባዶ ያደርገዋል። ስለዚህ አውራውን ሲገዙ ሦስት ሳምንት ለብቻው፣ ራቅ ብሎ፣ በራሱ መኖና ውሃ ዕቃ ይቆይ።

ክትባቱ የሚመረተው እዚያው ቢሾፍቱ፣ ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ነው፤ በወረዳችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ በኩል ያገኙታል። ሙቀት የሚችለው፣ አይ-ቱ የሚባለው ክትባት በዓይን ጠብታ ይሰጣል፤ በየሦስት አራት ወሩ ይደገማል። የሀበሻዎቹም አይቅሩ፤ «እነሱ ለምደውታል» የሚባለው ውሸት ነው፣ በፈንግል እንደ ቅጠል የሚረግፉት እነሱም ናቸው። የታመመች ዶሮ ካለች ክትባት አይጀምሩ፣ መጀመሪያ ባለሙያው ይያት። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ስለሆነ፣ ከተከፈተም በኋላ ስለማይቀመጥ፣ ከጎረቤቶችዎ ጋር ቀን ቆርጣችሁ ገንዘብ አዋጡና በአንድ ጠዋት የሰፈሩን ዶሮ ሁሉ አስከትቡ። ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ሳሉ፣ ጎሕ ሲቀድ ቢሆን ለመያዝ ይቀላል።