ብሩን አትጠቡት

ልጆቼ፣ ሰሞኑን ወደ ሱቄ የምትመጡት በዝታችኋል። አንዳንዶቻችሁ ከአያት ሣጥን የወጣ ጠገራ ብር በሶፍት ጠቅልላችሁ፣ ሌሎቻችሁ ፎቶ በስልክ ይዛችሁ «አባባ፣ ይሄ ጄም ነው?» ትሉኛላችሁ። እኔ አዳማ ላይ፣ ከፖስታ ቤት ዝቅ ብላ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ወርቅና ብር ሳነጥር ያረጀሁ ሰው ነኝ። ደንበኛ እየጠበቀኝ በችኮላ የምሰጣችሁ መልስ ስለማያረካኝ ተቀምጬ ጻፍኩላችሁ።

ቃሉ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። የአሜሪካ ሳንቲም ሰብሳቢዎች እጅግ አምሮ ለቆየ ሳንቲም የራሳቸው የአራዳ አጠራር አላቸው። «ጄም» ዕንቁ እንደማለት ነው። ከእሱ የሚበልጠውን «ሱፐርብ ጄም» ይሉታል። ከዚያም አልፎ ዓይናቸውን ማመን ሲያቅታቸው «ዎንደር ኮይን» ወይም «ሞንስተር» ይላሉ። ሞንስተር ጭራቅ ነው፤ እናንተ ግሩም ተጫዋች ስታዩ «አውሬ ነው!» እንደምትሉት ያለ ሙገሳ ነው። ከቃሎቹ ጀርባ ቁጥር አለ። ዊልያም ሼልደን የተባለ ሰው በ1949 እ.ኤ.አ. ለጥንት የአሜሪካ ትልልቅ የመዳብ ሳንቲሞች ከ1 እስከ 70 የሚደርስ መለኪያ አወጣ፤ ኋላ ለሌሎቹም ሳንቲሞች ዋለ። ከ60 ጀምሮ ያለው በገበያ ያልዞረ ነው፤ ጄም የሚባለው 65 ላይ ሲደርስ፣ ሱፐርብ ጄም ደግሞ ከ67 ወዲያ ነው። ከ1986 እ.ኤ.አ. ወዲህ ፒሲጂኤስ፣ በዓመቱ ደግሞ ኤንጂሲ የሚባሉ ድርጅቶች ተቋቁመው፣ የሳንቲሙን አቆያየት መርምረው ቁጥር ሰጥተው በደረቅ ፕላስቲክ ያሽጉታል። ያን እሽግ «ስላብ» ይሉታል።

እነዚህን ሁሉ ታውቃላችሁ፤ እንዲያውም ከእኔ በላይ። ሁለት ቃል ግን ከአፋችሁ ሰምቼ አላውቅም። አንዱ «ስላይደር» ነው። ጥቂት ተገበያይቶበት፣ ጉንጩና ፀጉሩ ላይ ትንሽ ተልጦ ሳለ፣ አዲስ ነኝ ብሎ የሚያልፍ ሳንቲም ማለት ነው። ሌላው «ዊዝድ» ነው፤ በሚሽከረከር የሽቦ ብሩሽ ተፈግፍጎ በግድ እንዲያበራ የተደረገ። ጄምን ለማወቅ የሚፈልግ መጀመሪያ እነዚህን ሁለቱን ይወቅ እላለሁ። ለምን እንደምል ልንገራችሁ።

ጎልማሳ ሳለሁ፣ ለጥር ሠርግ ሥራ በሚበዛበት ሰሞን፣ አንዲት እናት ከወንጂ መጡ። ከመቀነታቸው ጫፍ ፈትተው የምኒልክ ብር ሰጡኝ። ከእናታቸው የተረፈ ነው። ልጃቸው ስትዳር አንገቷ ላይ እንድታደርገው ማንጠልጠያ እንድበይድበት ነበር የፈለጉት። ብሩ ላዩ ትንሽ ጠቆር ብሎ ነበር፤ ግራጫ ሆኖ ዳር ዳሩን ወደ ሰማያዊ የሚያደላ። ወደ አምፖሉ ሳዘነብለው ከግራጫው ሥር ብርሃን ዞረ። እንደ ጋሪ ጎማ፣ ከመሐል ወደ ዳር የተዘረጉ ጨረሮች ተሽከረከሩ። የአንበሳው ጎፈር ጠጉር በጠጉር ይቆጠራል። ዘውዱ ላይ አንድ ጭረት የለም። እንዲህ ያለ ብር ከዚያ በፊት በእጄ አልገባም፤ ከዚያም በኋላ አልገባም። ደነቀኝ፤ ግን ለደነቀኝ ነገር ስም አልነበረኝም።

ሙያዬ ያስተማረኝ ብር ማብራት ነው፤ ደንበኛ የሚያመሰግነኝም ለዚያ ነው። አመድና ሎሚ አድርጌ አሸሁት፤ በብሩሽ ደገምኩት፤ በየድኩት። መስተዋት መሰለ። እኒያ እናት እልል ብለው መርቀውኝ ሄዱ፤ እኔም ደስ ብሎኝ አደርኩ። ያጠፋሁትን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አንድ የሳንቲም መጽሐፍ ይዞ የመጣ እንግዳ ያን የሚዞር ብርሃን በሥዕል ሲያሳየኝ ነው። ሰብሳቢዎቹም «ካርትዊል» ይሉታል፣ የጋሪ ጎማ። አዳማ ላይ ከጋሪ ጋር አብሬ ያደግሁ ሰው፣ ያንኑ ምሳሌ በልቤ ይዤ ሳለሁ፣ ቃሉን ባለማወቄ በእጄ ፍቄ ጣልኩት።

ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ እንደ አንጥረኛ ላስረዳችሁ። ሳንቲም የሚመታው በሁለት የተቀረጹ ብረቶች መካከል ነው። ግፊቱ ሲያርፍበት ብሩ ከመሐል ወደ ዳር ይፈስሳል፤ ሲፈስስም በባዶ ዓይን የማይለዩ ቀጫጭን መስመሮች ይተዋል። ብርሃን የሚዞረው በእነዚያ ላይ ነው። የሚገኙት በምቱ ቅጽበት ብቻ ነው። አመድ፣ ሎሚ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ጨርቅ፣ ሁሉም ይልጧቸዋል። ካለቁ በኋላ የቱም አንጥረኛ አይመልሳቸውም፤ እኔ ብሞክር የምሰጣችሁ ማንኪያ ላይ የምታዩትን ብልጭታ ነው። ያ ጠቆር ያለው ልባስ ደግሞ ቆሻሻ አይደለም፤ ብር በአየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ቀስ በቀስ ሲዋሃድ የሚለብሰው ነው። በዕድሜ የመጣ ቀለም ስለሆነ ሰብሳቢዎቹ ይወዱታል።

እኛ አገር ሰው ብርን ማየት አያውቅም ነበር እንዳትሉ። አባቶቻችን ማርትሬዛን፣ የኦስትሪያዋ እቴጌ የማሪያ ተሬዛ ምስል ያለበትን ጠገራ ብር፣ ሲቀበሉ የእቴጌይቱን ትከሻ አተኩረው ያዩ ነበር። የልብሷ ማያያዣ ጌጥ ላይ ዘጠኝ ዕንቁዎች አሉ፤ በደንብ ካልተቆጠሩ ብሩን አይቀበሉትም። ጥርጣሬያቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ብሩ ሁሉ 1780 ይላል፤ ማሪያ ተሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። ከእሷ በኋላ ግን በዚያው ዓመት ስም ሲመታ ኖረ። ጣሊያን እንኳ እኛን ልትወር ስትዘጋጅ በ1935 እ.ኤ.አ. መምቻውን ከቪየና ወስዳ ሮም ላይ መትታዋለች። ስለዚህ «1780 ይላል፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖት እንዲህ ያበራል፣ ሞንስተር ነው» ብሎ የሚሸጥላችሁን አትመኑ። አምሮ የቆየ ሳይሆን በቅርብ የተመታ ሊሆን ይችላል።

ብልጭታ ሰው ማታለሉ አዲስ አይደለም። 1936 የሚል ዓመት ያለበት የጃንሆይ ስሙኒ መጀመሪያ ክብ ሆኖ ሲወጣ፣ መዳቡን ብር እየቀቡ በሽልንግ (በብሩ ሃምሳ ሳንቲም) ስም የሚያሳልፉ ተነሡ፤ ለዚህ ነው በኋላ ዳሩ እንደ አበባ የተቆረጠው። የአያቶቻችሁን ሣጥን ብትፈትሹ ያን ባለ አበባ ዳር ስሙኒ አታጡትም። ርካሽ ነው፤ ለዓይን ማሠልጠኛ ግን እሱን የሚያህል የለም። አሥሩን አሰልፋችሁ የንጉሡን ጉንጭ፣ ጢሙን፣ የአንበሳውን ጎፈር አስተያዩ። መጀመሪያ የሚላጠው ከፍ ያለው ቦታ ነው። እኔን ያንን ሳትሠሩ የሰው ፎቶ ላይ ቁጥር ስትሰጡ ማየት ያሳዝነኛል። በእናንተ ዕድሜ እኔ ዓይን ነበረኝ፣ ቃል አጣሁ፤ እናንተ ቃሉን ቀድማችሁ አገኛችሁ፤ በፎቶ የሚዞር ብርሃን ግን የለም።

አያያዙን በአጭሩ ልንገራችሁ። ሳንቲምን በዳሩ እንጂ በፊቱ አትያዙ፤ የጣት ወዝ አሻራ ሆኖ ይቀራል። በጎማ ላስቲክ አትጠፍሩት፣ በጋዜጣ አትጠቅልሉት፤ ሁለቱም ያጠቁሩታል። ለስላሳውና የሚሸተው የፕላስቲክ አልበም ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ያወጣል። ድኝ የሌለበት ወረቀት ፖስታ ይሻላል።

አንድ ነገር ደግሞ በአባትነት አጥብቄ የምለው። ከማሳ የወጣ የአክሱም ሳንቲም ቢያሳዩዋችሁ «ዎንደር ኮይን» እያላችሁ ገዢ አትፈልጉለት። በነሐሱ ላይ ከመስቀሉ ሥር ወርቅ የሚለብጡ አንጥረኞች የሠሩት ነው፤ እኔ በሙያዬ ፊታቸው ልቆም አልችልም። ቅርስ ነው። የተገኘበት ቦታ ራሱ ታሪክ ስለሚናገር ለቅርስ ባለሥልጣን ወይም ለአካባቢው ባህል ጽሕፈት ቤት ይነገር።

የወንጂዋ እናት ልጅ ዛሬ አያት ሳትሆን አትቀርም። ብሩ አሁንም አንገቷ ላይ ካለ፣ ማንጠልጠያው ጠንካራ ነው፤ እሱን በደንብ ነው የሠራሁት።

ስትመጡ ማታ ኑ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ። ለሥራ የማበራው ነጭ መብራት ሁሉንም ነገር አንድ ስለሚያደርገው አጠፋዋለሁ፤ ያችን አንዷን ቢጫ አምፖል እናበራለን። ከባንክ ከረጢት በቀጥታ ያስቀረሁት የ1969 ዓ.ም. አሥር ሳንቲም አለኝ፤ በእሱ እንጀምራለን። የእናንተንም አምጡ፤ እንዳለ፣ ከነጥቁረቱ።