ከውጭ የመጣው ጌም ለምን እምቢ ይላል? ስለ አሮጌ ፕሌይስቴሽኖች ጥያቄና መልስ

ስለ አሮጌ ኮንሶል የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል፤ ስለዚህ ሁሉንም አንድ ላይ ልመልስ። ያላችሁን ወርውሩ። «አይሰራም» ብቻ ብላችሁ ግን አትጻፉልኝ። ችግሩ መብራቱ ነው፣ ምስሉ ነው ወይስ ሲዲው? ሦስቱ ለየብቻ ናቸው፤ አንዱን ስላስተካከላችሁ ሌላው አብሮ አይስተካከልም። አብዛኛው «ተበላሸ» የሚባል ማሽን ደግሞ ጭራሽ አልተበላሸም።

ጥያቄ፦ አጎቴ ከአሜሪካ ወፍራሙን ፒኤስ ቱ (ፕሌይስቴሽን 2) ከነጌሞቹ ላከልኝ። የሶኬት ማቀያየሪያ ገዝቼ ስሰካው «ጧ» ብሎ ጠፋ። አለቀለት?

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ፣ ገና ነው። ያቺ ማቀያየሪያ የሶኬቱን ጥርስ እንጂ ቮልቱን አትቀይርም። የአሜሪካው ወፍራም ፒኤስ ቱ ለ120 ቮልት የተሰራ ነው፣ የኛ ግድግዳ 220 ይሰጣል፣ ፓወር ሰፕላዩ (መብራቱን ለማሽኑ የሚያመቻቸው ክፍል) ደግሞ ሆዱ ውስጥ ስለሆነ ምቱን የሚቀበለው እሱ ነው። ብዙ ጊዜ ዋናው ቦርድ ይተርፋል። ሠሪው ገና ከፍቶ ሳያይ «ቦርዱ ተቃጥሏል» ካለህ፣ መጀመሪያ ፊውዙና ፓወር ሰፕላዩ ይታይልኝ በለው። ሲነሳልህ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ግዛ። ከማሽኑ ጀርባ ያለውን ዋት አንብብ፣ ከዚያ በእጥፍ የሚሸከም ይሁን።

ጥያቄ፦ የኔ ግን ቀጭኑ ነው፣ እሱም ከአሜሪካ።

መልስ፦ የሞዴል ቁጥሩ በ7 የሚጀምር ከሆነ እድለኛ ነህ። አዳፕተሩ ውጭ ነው፣ ማሽኑ የሚፈልገው 8.5 ቮልት ብቻ ነው፤ በ220 የሚሰራ አዳፕተር ፈልግና ተገላገል። በ90 የሚጀምረው የመጨረሻው ቀጭን ግን ፓወር ሰፕላዩን መልሶ ውስጥ አስገብቶታል። ስለዚህ «ቀጭን ስለሆነ ችግር የለውም» ብለህ እንዳትሰካ።

ጥያቄ፦ ማሽኑ ይነሳል፣ ድምፅ አለ፣ ምስሉ ግን ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይንከባለላል። ቲቪያችን የድሮው ባለሆዱ ነው።

መልስ፦ ቲቪሽ ፓል ነው፣ ማለትም የኛና የአውሮፓ የምስል አሠራር፤ ማሽኑ የሚልከው ግን የአሜሪካውን፣ ኤንቲኤስሲ የሚባለውን ነው። ሁለቱ ቀለም የሚጭኑበት መንገድ ስለሚለያይ ቲቪው ቀለሙን አያገኘውም። መንከባለሉ ደግሞ የአሜሪካው በሰከንድ 60 ጊዜ፣ የኛው 50 ጊዜ ስለሚስል ነው። መጀመሪያ የቲቪሽን ሜኑ እዪ፣ አንዳንዱ ላይ ከፓል ወደ ኤንቲኤስሲ ወይም ወደ አውቶ መቀየሪያ አለ። ከሌለ አዳዲሶቹ ፍላት ቲቪዎች በአብዛኛው ሁለቱንም ይቀበላሉ። ማሽኑን ለሠሪ አትውሰጂ፣ ምንም አልሆነም።

ጥያቄ፦ ከአውሮፓ የመጣ ኦሪጅናል ሲዲ የአሜሪካው ፒኤስ ቱ ላይ አይነሳም። ሰፈር ያለው ጌም ቤት ግን ይሰራል እኮ!

መልስ፦ ጌም ቤት ያለው ማሽን ቺፕ የተገጠመለት ስለሆነ ያገኘውን ሁሉ ያነባል። ያንተ ግን ዲስኩ ላይ ያለውን የአካባቢ ምልክት ያያል፤ የራሱ ካልሆነ አልፈልግም ይላል። ፒኤስ ዋንና ፒኤስ ቱ ላይ ዓለም ለሦስት ተከፍላለች፦ ጃፓን፣ አሜሪካ፣ አውሮፓና ሌላው ፓል አገር። ዲስኩ ላይ ያለውን ኮድ ተመልከት። በኤስኤልዩኤስ (SLUS) ከጀመረ የአሜሪካ፣ በኤስኤልኢኤስ (SLES) ከጀመረ የአውሮፓ ነው። ጌም ከመግዛትህ በፊት ሻጩ ይህችን ኮድ ፎቶ አንስቶ ይላክልህ። «አዲስ ነው፣ አልተጫረም» የሚለው ወሬ ምንም አይጠቅምህም።

ጥያቄ፦ ለንደን ያለው የአክስቴ ልጅ ሜሞሪ ካርዱን ሰጠኝ። ጌሙ አንድ ነው፣ ሴቩ (ተጫውቶ የደረሰበት የተቀመጠው) ግን የኔ ጌም ላይ አይታይም።

መልስ፦ ሴቩ የሚቀመጠው በዚያው የዲስክ ኮድ ስም ነው። የሱ አውሮፓ፣ ያንተ አሜሪካ ከሆነ፣ የፊት ሽፋኑ አንድ ቢሆንም ለማሽኑ ሁለት የተለያዩ ጌሞች ናቸው። ከባዶ ጀምር፣ ሌላ ምን ይደረጋል።

ጥያቄ፦ የጃፓን ጌም ላይ ኤክስ ስጫን ወደ ኋላ ይመልሰኛል፣ ጆይስቲኩ ነው?

መልስ፦ አይደለም። በጃፓን ጌሞች «እሺ» ማለት ብዙ ጊዜ ክቡ ቁልፍ ነው።

ጥያቄ፦ ፒኤስ ቱዬ ሆዳቸው ሰማያዊ የሆኑትን ሲዲዎች ያነባል፣ ዲቪዲዎቹን አያነብም። ሠሪው «ትንሽ ላጠንክረው» አለኝ።

መልስ፦ ቆይ፣ እንዳትፈቅድ! ፒኤስ ቱ ለሲዲና ለዲቪዲ የተለያየ ጨረር ነው የሚጠቀመው፣ ስለዚህ አንዱ ደክሞ ሌላው ሊሰራ ይችላል። «ማጠንከር» የሚሉት ወፍራሙ ላይ ሌንሱ አጠገብ ያለችውን ኢምንት ብሎን አዙሮ ለጨረሩ ተጨማሪ ኃይል መስጠት ነው። ያን ዕለት እንደ አዲስ ያነብልሃል፣ አንተም ሠሪውን መርቀህ ትሄዳለህ፣ ሌንሱ ግን ያለ ጊዜው ይሞታል። መጀመሪያ ሌንሱ በጥጥና በንጹህ አልኮል በቀስታ ይጠረግ፤ ሐዲዱ ላይ የደረቀው ግራሶ ተነስቶ አዲስ ይቀባ። ብሎኗ የመጨረሻ ናት። ከዚያ በኋላ ያለው ሌንስ መቀየር ነው።

ጥያቄ፦ እኔ እናት ነኝ፣ ብዙም አይገባኝም። ልጆቼ ፒኤስ ስሪ አላቸው። ከአሜሪካ የተላከልንን የመግዣ ካርድ ኮድ ሲያስገቡ እምቢ አለ። ተጭበርብረን ይሆን?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል እማማ፣ አይጨነቁ። የፕሌይስቴሽን መደብር የአገር ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም፤ ስለዚህ ልጆች አካውንት ሲከፍቱ ያገኙትን አገር ይመርጣሉ። እንግሊዝ ብለው ከፍተው ከሆነ የአሜሪካ ካርድ አይቀበልም፣ አገሩንም በኋላ መቀየር አይቻልም። አሜሪካ ብለው ሌላ አካውንት ይክፈቱና ኮዱን እዚያ ይሞክሩት። ለልጆቹም ይንገሯቸው፦ የፒኤስ ስሪ ጌም ከስንት አንዱ በቀር የየትም አገር ቢሆን ይነሳል፣ ከመደብሩ የሚወርደው የጌሙ ተጨማሪ ክፍል ግን ከዲስኩ አገር ጋር ካልገጠመ ብራችሁ ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ፒኤስ ስሪዬ መብራት በጠፋ ቁጥር ሲነሳ ሃርድ ዲስኩን እየፈተሸ ነው። ስታብላይዘር አለኝ።

መልስ፦ ስታብላይዘር የሚረዳው ቮልት ከፍ ዝቅ ሲል ነው፣ ጭራሽ ሲጠፋ አይደለም። ለዚያ ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ነው የሚያስፈልግህ። ከሌለህ መብራቱ እያጨናበሰ ባለ ሰዓት ጌም አትጫን፣ ሴቭም አታድርግ።

ጥያቄ፦ እህቴ ከዋሽንግተን ልትመጣ ነው። አሮጌ ነገር ተወው፣ ፒኤስ ፎር ታምጣልኝ?

መልስ፦ ታምጣ። ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፣ ትራንስፎርመር አያስፈልገውም፣ ዲስኩም አገር አይመርጥም። ሻንጣ ውስጥ ስትከተው ግን ሲዲ ውስጡ እንዳይቀር ንገራት።